ለየቀን ቀለበት የደላንታ ኦፓል ወይስ የሻኪሶ ኤመራልድ?

ጥያቄ፦ «የደሴ ልጅ ነኝ፤ በመጪው ጥር እንጋባለን። ልቤ ለቀለበቱ የደላንታን ኦፓል ይፈልጋል፤ እጮኛዬ ደግሞ አረንጓዴውን የሻኪሶ ኤመራልድ ትወዳለች። እሷ ነርስ ናት፤ ቀኑን ሙሉ እጇን ስትታጠብና በአልኮል ስታሽ ነው የምትውለው። አንድ ነጋዴ ኦፓል ዓመት ሳይሞላው ይሰነጠቃል፣ ኤመራልድ ግን ዕድሜ ልክ ምንም አይነካውም አለኝ። ሌላው ደግሞ ኦፓል ውሃ ውስጥ ካልተቀመጠ ይሞታል ይላል። የሁለቱን ድንጋዮች ጥንካሬና ጠባይ አነጻጽረው ቢያስረዱኝ።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ነጋዴዎቹ የነገሩህ ሁለቱም ልክ አይደለም፤ ግን ሁለቱም ከአንድ እውነተኛ ነገር ተነስተው ነው የተሳሳቱት። መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ምክንያቱን ከዚያ በኋላ እናያለን። ለየቀኑ ቀለበት፣ ያውም ለነርስ እጅ፣ ከሁለቱ ኤመራልዱን እመርጣለሁ። እሱንም ቢሆን ዘይት ያልገባበት ወይም ጥቂት ብቻ የገባበት ሆኖ ዙሪያውን በወርቅ የተከበበ ከሆነ ነው። ኦፓሉን ግን አትተወው፤ ለእሱ የሚስማማው አንገት ወይም ጆሮ ነው።

«የቱ ይጠነክራል?» ሲባል ሰው አንድ ቁጥር ይጠብቃል። ቁጥሩ አለ። ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ፍሬድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ያወጣው መለኪያ ከ1 እስከ 10 ይሄዳል፤ ታልክ 1፣ አልማዝ 10 ነው። በዚህ መለኪያ ኦፓል ከ5 እስከ 6.5፣ ኤመራልድ ከ7.5 እስከ 8 ላይ ይቀመጣል። ቁጥሩ የሚነግርህ የትኛው ድንጋይ የትኛውን እንደሚጭር ብቻ ነው። ወድቆ ይሰበራል ወይ፣ ሳሙና ይጎዳዋል ወይ ለሚለው መልስ የለውም። ደረጃዎቹም እኩል ርቀት የላቸውም፤ 10 ላይ ያለው አልማዝ 9 ላይ ካሉት ከሳፋየርና ከሩቢ በብዙ እጥፍ ይጠነክራል።

ለጌጥ ድንጋይ እኔ ሁልጊዜ የምመለከተው ድንበር 7 ነው። የኳርትዝ ጥንካሬ 7 ነው፤ ኳርትዝ ደግሞ በየቤታችን አቧራ ውስጥ አለ። በበጋ በደሴም ሆነ በአዲስ አበባ ጠረጴዛ ላይ የሚያርፈው ብናኝ ውስጥ ዓይን የማያየው ደቃቅ አሸዋ ይገኛል። ቀለበቱን በቀሚስ ጫፍ በወለወልክ ቁጥር ያ አሸዋ ከ7 በታች ያለውን ድንጋይ ትንሽ ትንሽ ይጭረዋል። ኦፓል ቀለበት ላይ ዓመታት ሲቆይ አንጸባራቂነቱ የሚደበዝዘው በዚህ ነው። በአንድ ቀን አይታይም፤ ሲከማች ግን ፊቱ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ጎበዝ ቆራጭ መልሶ ሊያለሰልሰው ይችላል፤ በለሰለሰ ቁጥር ግን ድንጋዩ ይሳሳል። ኤመራልድ ከ7 በላይ ስለሆነ አቧራ አያሸንፈውም። እዚህ ላይ ነጋዴህ ለኤመራልዱ ያዳላው በከንቱ አይደለም።

ስለ ስብራት ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ለመጫር የሚያስቸግር ድንጋይ ለመሰበር ቀላል ሊሆን ይችላል። ኤመራልድ ቤሪል የሚባለው ማዕድን ክሪስታል ነው። ቤሪሊየም፣ አሉሚኒየምና ሲሊካ በስድስት ጎን ተደርድረው ይሠሩታል፤ አረንጓዴው ቀለም የሚመጣው በጥቂቱ ከሚገባበት ክሮሚየምና ቫናዲየም ነው። ችግሩ ቤሪሊየምና ክሮሚየም በተፈጥሮ አንድ ቦታ እምብዛም አለመገኘታቸው ነው። ቤሪሊየም ፔግማታይት ከሚባለው ነጣ ያለ ድንጋይ ጋር፣ ክሮሚየም ደግሞ ከጥልቅ ከመጣ ጥቁር ድንጋይ ጋር ይሄዳል። በጉጂ፣ በሻኪሶና በቀንጢቻ አካባቢ ሁለቱ ተገናኝተዋል፤ ቀንጢቻ በፔግማታይቱና በታንታለም ማዕድኑ ቀድሞም የታወቀ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አካባቢ ዓለም የተነጋገረበት ኤመራልድ የወጣውም ከዚያው ቀጠና ነው። ይህ ግንኙነት የተፈጠረው በግፊት፣ በሙቀትና በትኩስ ፈሳሽ ውስጥ ነው። ክሪስታሉ ሚካ በሚባል፣ በስሱ በሚላጥ ማዕድን ቅርፊት ተከቦ ሲያድግ ሚካውንም ፈሳሹንም ይዞ አድጓል፤ ተጨንቆም ተሰንጥቋል። ስለዚህ ኤመራልድ ከውስጡ ስንጥቅ ቢኖርበት አይገርምም፤ ጨርሶ የሌለበት ነው ብርቅ። ያ ስንጥቅ እስከ ፊቱ ከደረሰና ቀለበቱ ከበር እጀታ ጋር በኃይል ከተጋጨ ጠርዙ ይሸረፋል። «ዕድሜ ልክ አይነካም» የሚለው እዚህ ላይ ይወድቃል።

ኦፓል በተቃራኒው እንደ ኤመራልድ ያለ ክሪስታል አይደለም፤ ተስተካክሎ የሚሰነጠቅበት አቅጣጫ የለውም፤ ሲሰበር እንደ ጠርሙስ ጎድጉዶ ይሰበራል። በጥቅሉ ኦፓል ለምት ደካማ ነው ይባላል። የደላንታው ግን ተመራማሪዎችን አስገርሟል፤ ከ1.5 ሜትር ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ያልተጎዳ ድንጋይ እንዳለ በጥናት ተጽፏል። ይህን ስነግርህ ወርውረህ ሞክር ማለቴ አይደለም፤ ለቀለበት የተቆረጠ ቀጭን ድንጋይ ከጥሬው ድቡልቡል ጋር አይተካከልም። ግን «ዓመት ሳይሞላው ይሰነጠቃል» የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ማወቅ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከመንዝ፣ ከመዘዞ አካባቢ ቡናማ ኦፓል ወጥቶ ነበር። ያማረ ድንጋይ ነበር፤ ብዙው ግን ከመሬት ወጥቶ ሲደርቅ እንደ ሸረሪት ድር እየተሰነጠቀ ገዢውን አስከፋ። እ.ኤ.አ. በ2008 የደላንታው፣ በከተማው ስም የወገልጤናው የሚባለው ኦፓል ሲመጣ ያንን ስም ወረሰ። የወገልጤናው በዚህ ረገድ እጅግ ይሻላል። ከመካከሉ የሚሰነጠቅ አይጠፋም፤ የሚሰነጠቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ራሱን ያሳያል። ስለዚህ ትናንት የወጣ ድንጋይ አትግዛ፤ ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ወራት የቆየ ምረጥ።

አሁን ወደ ኦፓሉ ትልቁ ጠባይ እንምጣ። የእጮኛህን ሥራ በቀጥታ የሚነካው ይሄ ነው፤ የደላንታ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ድንጋዩ ሲሊካና በውስጡ የታሰረ ውሃ ነው። ሲሊካው በጣም ረቂቅ በሆኑ ቅንጣቶች ተደራጅቷል፤ በመካከላቸው ክፍተት አለ። በአብዛኛው የአውስትራሊያ ኦፓል ይህ ክፍተት የተደፈነ ነው፤ የኛው ግን ክፍት ስለሆነ ያልተለበጠ ሸክላ ውሃ እንደሚመጠው ይመጠዋል። ደረቅ ድንጋይ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ብታስቀምጥ ጥቃቅን የአየር አረፋ ሲወጣበት ታያለህ። ከዚያ ነጩ ወይም ወተት መሳዩ አካሉ እየጠራ ይሄዳል፤ ድንጋዩን ስታዞረው የሚቀያየረው የቀለም ጨዋታም ይደክማል ወይም ጭራሽ ይጠፋል።

ይሄ ሲሆን ብዙ ሰው ድንጋዩ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። አልተበላሸም። በኦፓል ውስጥ የምታየው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የቀለም ንጥረ ነገር አይደለም። እኩል መጠን ያላቸው የሲሊካ ቅንጣቶች በሥርዓት ሲደረደሩ ብርሃኑን ከፋፍለው ወደ ዓይንህ ይልኩታል። አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተው ምስጢሩን የገለጡት ይህንን ነው። ቅንጣቶቹ ከ150 እስከ 300 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) አካባቢ ናቸው፤ ትንንሾቹ ሰማያዊና ሐምራዊ ብቻ ይሰጣሉ፣ ተለቅ ያሉት እስከ ቀይ ይደርሳሉ። ቀይ ያለበት ኦፓል የሚወደደውም ለዚህ ነው። ጨዋታው እንዲታይ ቅንጣቱና ክፍተቱ ብርሃንን በተለያየ መጠን መስበር አለባቸው። ክፍተቱ አየር ሲሆን ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ውሃ ሲገባበት ውሃው ወደ ሲሊካው ስለሚቀርብ ልዩነቱ ይጠብና ጨዋታው ይደበዝዛል። ውሃው ሲወጣ ይመለሳል፤ እንደ ድንጋዩ ውፍረት ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጃል። በደረቅ ጨርቅ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ትተወዋለህ። ፀሐይ ላይ አታስጣው፣ በፀጉር ማድረቂያም አታቻኩለው፤ ድንገት ሲደርቅ ነው ስንጥቅ የሚመጣው።

እንግዲህ «ውሃ ውስጥ ካልተቀመጠ ይሞታል» ለሚለው መልሱ ይኸው ነው። የደላንታ ኦፓል በውሃ ውስጥ መኖር አያስፈልገውም፤ የሚያምረውም ደርቆ ነው። ገበያ ላይ ጥሬው ውሃ ውስጥ የሚታየው ውስጡ እንዲጠራና ገዢ እንዲያይ ነው። ውሃ ግን ስንጥቅንም ይሸፍናል፣ ሚዛንም ያከብዳል። እስከ ክብደቱ አንድ አስረኛ ድረስ ሊጠጣ የሚችል ድንጋይ አለ። ደርቆ 5 ካራት የሆነው ጠጥቶ 5.5 ሊመዝን ይችላል፤ በካራት ስትገዛ የውሃውን ዋጋ ትከፍላለህ ማለት ነው። ስለዚህ ደርቆ ካልሆነ አታስመዝን።

ንጹሕ ውሃ ገብቶ ይወጣል። የማይወጣው ሌላው ነው። ሳሙና፣ የእጅ ቅባት፣ ሽቶ፣ ለእጅ ማጽጃው አልኮል ማለስለሻ ተብሎ የሚጨመረው ግሊሰሪን፣ ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ቡናማው አዮዲን ሁሉም በዚያ ክፍት በር ይገባሉ። አልኮሉ ይተናል፣ አብሮት የነበረው ይቀራል። ድንጋዩ ቀስ በቀስ ይቢጫል ወይም ይቡናማል፤ ጨዋታውም ይታፈናል። ወጥ ቤትም እንደዚያው ነው፤ እርድና በርበሬ የገባበት ቅቤ ለኦፓል ጠላት ነው። በየቀኑ ደጋግሞ መርጠብና መድረቅ ራሱ ድንጋዩን ያደክመዋል። ነርስ እጅ ላይ ኦፓል አይሁን የምለው ስለ ጥንካሬ ቁጥሩ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ዋናው ምክንያቴ ይሄ ነው።

ኤመራልዱ በዚህ በኩል ንጹሕ ነው ብለህ እንዳትዘናጋ። ድንጋዩ ራሱ ውሃ አይጠጣም፤ ሳሙናና አልኮልም ቤሪሉን አይነኩትም። ስንጥቆቹ ግን ዘይት ይጠጣሉ፤ ዘይቱንም የሚያጠጣው ሰው ነው። ከጥንት ጀምሮ ኤመራልድ ከተቆረጠ በኋላ የሴዳር ዛፍ ዘይት ወይም ሌላ ቀለም የሌለው ዘይት፣ አሁን አሁን ደግሞ ሙጫ መሳይ ኬሚካል፣ ወደ ስንጥቁ እንዲገባ ይደረጋል። ዘይቱ ብርሃን የሚሰብርበት መጠን ከአየር ይልቅ ለድንጋዩ ስለሚቀርብ ስንጥቁ ከዓይን ይሰወራል። ኦፓሉን የሚያደበዝዘውና ኤመራልዱን የሚያሳምረው አንድ ሕግ መሆኑን ልብ በል፤ በዚያ ክፍተቱ ሲሞላ ውበቱ ይሸሻል፣ በዚህ ክፍተቱ ሲሞላ ነውሩ ይሸፈናል። የነርሷ አልኮልና ሳሙና ደግሞ ዓመት ካመት ያንን ዘይት ያጥቡታል። ከዚያ አረንጓዴው ውስጥ ነጫጭ ክር ብቅ ይላል። እንደገና ዘይት ማስገባት ይቻላል፤ ግን ስትገዛው ያላየኸው ስንጥቅ ሲወጣ ደስ አይልም።

ለዚህ ነው ዘይቱን አጥብቀህ ጠይቅ የምልህ። እንደ አሜሪካው ጂአይኤ ያሉ ላቦራቶሪዎች በምስክር ወረቀታቸው ላይ የተሞላው ጥቂት፣ መካከለኛ ወይም ብዙ መሆኑን ይጽፋሉ። ከሻኪሶ የወጣው ኤመራልድ አንድ መልካም ነገር አለው፤ ከመካከሉ ጥርት ያለ፣ ዘይት እምብዛም የማያስፈልገው ድንጋይ ይገኛል። እኔ ዘይት ከሞላበት ትልቅ ድንጋይ ይልቅ ያልተነካ ትንሽ ድንጋይ ሁልጊዜ እመርጣለሁ፤ ለየቀን ቀለበት ሲሆን ደግሞ ምንም አላመነታም።

ክብደትን በአጭሩ ልንገርህ፤ ዋጋ ስታወዳድር ይጠቅምሃል። ካራት የክብደት መለኪያ ነው፤ 1 ካራት 0.2 ግራም ነው። የኤመራልድ እፍግታ፣ ማለትም በእኩል መጠን ካለ ውሃ አንጻር ያለው ክብደት፣ 2.7 ገደማ ሲሆን የደላንታ ኦፓል ከ1.7 እስከ 2 ባለው መካከል ይወድቃል። ስለዚህ 2 ካራት ኤመራልድ የሚሞላውን ቦታ ኦፓል በ1.4 ካራት ገደማ ይሞላዋል። ሁለቱን በካራት ዋጋ ብቻ ማወዳደር ያሳስታል፤ በሚሊሜትር ለካና እዚያው መጠን ላይ ያለውን ጠቅላላ ዋጋ አወዳድር።

ድንጋዩ እውነተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ባለሙያ የሚጠቀምበት ዋናው መንገድ ብርሃን ሲሰበር መለካት ነው። ኤመራልድ 1.57 እና 1.60 መካከል ይነበባል፤ ብርሃኑንም ለሁለት ይከፍላል። በአንድ አቅጣጫ ሰማያዊ የቀላቀለ አረንጓዴ፣ በሌላው ቢጫ የቀላቀለ አረንጓዴ ይታያል። አረንጓዴ ጠርሙስ ይህን አያደርግም፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይም ክብ የአየር አረፋ ያሳያል። የሻኪሶውን በ10 እጥፍ አጉሊ ስታየው ብዙ ጊዜ ቡናማ የሚካ ቅርፊት ታገኛለህ፤ ይህ ከተፈጥሮ መምጣቱን ይመሰክራል። ሚካው ፊቱ ላይ ከወጣ ግን ማለስለሻው እየፈነቀለ ጉድጓድ ይተዋል፤ ያንን አትግዛ። በላቦራቶሪ የተሠራ ኤመራልድ ጥንካሬውም ክብደቱም ከተፈጥሮው ጋር ስለሚገጥም ቤት ውስጥ በምትሞክረው አይለይም። ዋጋው ከባድ ከሆነ ምስክር ወረቀት የግድ ነው። በፋይል ወይም በምስማር ጭሮ መሞከርን የሚመክርህ ካለ አትስማው፤ እውነተኛውንም ያበላሻል።

ኦፓል 1.37 እና 1.47 መካከል ይነበባል። ሲለካ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በመለኪያው ላይ የሚደረገው ፈሳሽ ራሱ ወደ ድንጋዩ ይገባና እድፍ ይተዋል። እፍግታውን ለማወቅ ውሃ ውስጥ የሚደረገው ምዘናም አስተማማኝ አይሆንም፤ ድንጋዩ እየጠጣ ቁጥሩ ይንሸራተታል። ስለዚህ ኦፓልህን ለማስመርመር ስትሰጥ ውሃ የሚጠጣ መሆኑን ራስህ ተናገር።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ያሳዝነኛል። ያ ክፍት በር ድንጋዩን ለማጥቆርም ያገለግላል፤ ጭስ ወይም ቀለም አስገብተው ጥቁር ኦፓል ነው ብለው ይሸጡታል። በጋሸና አካባቢ፣ ስታይሽ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የተገኘ የተፈጥሮ ጥቁር ኦፓል አለን። የጨሰውን ሳይናገሩ መሸጥ ገዢውን ብቻ ሳይሆን ገደል ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጠባብ ዋሻ ውስጥ ገብቶ እውነተኛውን የሚያወጣውን ወጣት ያከስራል። ጥቁር ኦፓል በርካሽ ከቀረበልህ የተነካ መሆኑን በቀጥታ ጠይቅ፤ በደረሰኝ ላይም ይጻፍልህ።

የእጮኛህን ነገር ላጠቃልለው። የዓለም ጤና ድርጅት የእጅ ንጽሕና መመሪያ በሕክምና ሥራ ላይ ቀለበትና ጌጥ እንዳይደረግ አጥብቆ ይመክራል፤ ድንጋይ ያለበት ቀለበት ጓንትም ይቀድዳል። ስለዚህ ድንጋይ የሌለው ልሙጥ የወርቅ ቀለበት ግዛላት፤ የሥራ ቦታዋ ከፈቀደ እሱን ታድርግ። የኤመራልዱን ከሥራ ውጭ ታድርገው። ድንጋዩ ሞላላ ይሁን፤ ሹል ማዕዘን ያለው ቅርጽ መጀመሪያ የሚሸረፈው ከማዕዘኑ ነው። ከጣት ብዙ ከፍ አይበል፤ በብረት ጥፍሮች ከተያዘው ይልቅ ዙሪያውን በወርቅ የተከበበው ይሻላል። ሲቆሽሽ ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ በቀስታ ይታጠብ፤ በእንፋሎትና ወርቅ ቤት ባለው የሚንቀጠቀጥ ማጠቢያ ፈጽሞ አይግባ። ኦፓሉን ደግሞ ለሠርጉ ቀን በሐብል አድርግላት፤ ሽቶና ቅባት ተቀብታ ከጨረሰች በኋላ በመጨረሻ ታጥልቀው። ሁለቱን አንድ ሣጥን ውስጥ እንዳታስቀምጡ፤ ኤመራልዱ ኦፓሉን ይጭረዋል።

ወርቅ ሠሪው ቀለበቱን ለማስፋት ወይም ለማጥበብ እሳት ሲያቀርብ ደግሞ ድንጋዩ ከቦታው መውጣት አለበት። ኦፓል በነበልባል ይሰነጠቃል፤ የኤመራልድም ዘይቱ ይቃጠላል፣ ስንጥቁም ይረዝማል። ስለዚህ የጣቷን ልክ ድንጋዩ ከመቀመጡ በፊት በትክክል አስለካ፤ የተሠራውንም ባዶ ቀለበት አስሞክራት።